በሁለት ቢላ ይበላሉ የተባሉት ጡረተኛ

ጋሽ ሰሌዳን አንድ ተራ ቀን ምን ያህል እንደሚያስወጣቸው ራሳቸው ቆጥረው ነግረውኛል። ጠዋት ሁለት ታክሲ። ማታ ግን አንድ ብቻ፤ ከትምህርት ቤቱ እስከ ድልድዩ ያለው መንገድ ቁልቁለት ስለሆነ «ቁልቁለት በነፃ ነው» ብለው በእግራቸው ይወርዱታል። አንድ የደም ግፊት ክኒን፤ ወሩ ሊያልቅ ሲል ግማሽ። አንድ ሻይ። ለልጅ ልጃቸው አንድ እርሳስ፤ ልጅቷ እርሳስ የምትበላ ይመስል በየሁለት ቀኑ ትጨርሳለች። ከዚያ ደግሞ በገንዘብ የማይቆጠረው አለ፦ እስከ ሁለተኛ ፎቅ አርባ አራት ደረጃ፣ መሃል ላይ ካለችው መስኮት አጠገብ አንድ እረፍት፣ በመምህራን ማረፊያ ክፍል በኩል ሲያልፉ ደግሞ ድንገት የሚቋረጥ አንድ ወሬ። ጡረታቸውን ለሠላሳ ቀን ቢያካፍሉት የአንዱ ቀን ድርሻ ምሳ ሰዓት ላይ ያልቃል። ከምሳ በኋላ ያለውን ቀን የሚኖሩት በኮንትራቱ ደሞዝ ነው።

ያ የሚቋረጠው ወሬ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ አንዳንዴ እኔም ውስጡ ነበርኩ። «በሁለት ቢላ ይበላል» ነው ወሬው። ጡረታም ይቀበላሉ፣ ደሞዝም ይቀበላሉ፤ ሥራ ያጣው ወጣት ደግሞ በር ላይ ቆሞ ምራቁን ይውጣል።

ጋሽ ሰሌዳ የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ። ሰው የሚያውቃቸው ግን በካርታ ሳይሆን በፕሮግራም ነው። የትኛው መምህር፣ በየትኛው ቀን፣ በስንተኛው ክፍለ ጊዜ፣ የትኛው ክፍል ይገባል የሚለውን ለሃያ ስድስት ዓመት ያወጡት እሳቸው ናቸው። ለዚህ ሥራ ግድግዳ የሚያህል የእንጨት ሰሌዳ አላቸው፣ ከዳር እስከ ዳር ምስማር የተመታበት። ምስማሮቹ ላይ የመምህራን ቁጥር የተጻፈባቸው ባለቀለም ካርቶኖች ይንጠለጠላሉ፤ ቀዩ ሒሳብ፣ አረንጓዴው ባዮሎጂ፣ ቢጫው ቋንቋ። ቅጽል ስማቸውም የመጣው ከዚያ ነው። የደሞዝ መዝገቡ ላይ ያለውን ስማቸውን የምታውቀው ገንዘብ ያዧ ብቻ ሳትሆን አትቀርም።

ጡረታ ሲወጡ ትምህርት ቤቱ የግድግዳ ሰዓት ሸለማቸው። ባለቤታቸው እስከ ዛሬ ይስቃሉ። «ዕድሜ ልኩን በደወል ሲያሯሩጡት ኖረው፣ አሁን እቤቱ ሆኖ እንዲቆጥርላቸው ሰዓት ሰጡት» ይላሉ። ከአራት ወር በኋላ ትምህርት ሲከፈት አንድ ወጣት በኮምፒውተር ፕሮግራም አወጣ። የስፖርት መምህሩ በአንድ ሰዓት ሁለት ሜዳ ላይ ተመደበ። አንዱ ክፍል በቀን አራት ጊዜ ሒሳብ ደረሰው። በሁለተኛው ሳምንት ዳይሬክተሩ ራሱ መኪናውን አስነስቶ እቤታቸው ሄደ።

«እኔ ሳይጠሩኝ አቤት አላልኩም» ይላሉ ጋሽ ሰሌዳ ስለዚያ ቀን ሲነሳ። «ፒጃማዬን ሳልቀይር ነው ውል ያስፈረሙኝ።»

ውሉ ከዚያ ወዲህ ሁለቴ ታድሷል። ደንቡ እንዲህ ነው፦ ጡረታ የወጣ የትምህርት ቤት ሠራተኛ ተመልሶ የሚቀጠረው ሥራውን የሚችል ሌላ ሰው ከጠፋ ብቻ ነው። በውሉ ጊዜም ተተኪ ማሠልጠን አለበት። ተተኪዋ እኔ ነበርኩ። የኮንትራት ጸሐፊ ነኝ፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ኮምፒውተር ተምሬያለሁ፤ የዓመት ተኩል ልጅ አለችኝ። ፕሮግራም ማውጣት ከተማርሽ ቋሚ ትሆኛለሽ ተብያለሁ። ቋሚ መሆን ማለት ለእኔ ልጄ ስትታመም ሳልለማመጥ ማስፈቀድ ማለት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ደብተርና እስክሪብቶ ይዤ ወደ ክፍላቸው ስወጣ ደረጃውን የሮጥኩት ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ ነው።

ክፍሉ ጠባብ ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ እግሩ በካርቶን የተደገፈ ቁም ሣጥን፣ ፊት ለፊት ደግሞ ሰሌዳው። ሰሌዳው ግን አይታይም። አበባ ያለበት አሮጌ አንሶላ ከላይ እስከ ታች ተጋርዶበታል።

«ጋሼ፣ ምነው ሸፈኑት?»

«ብርድ እንዳይመታው።»

«ሰሌዳን ብርድ ይመታዋል እንዴ?»

«አንቺ ገና ልጅ ነሽ። ይኼን ሰሌዳ ያልመታው ነገር የለም።»

ቀልደው አለፉኝ። ካርቶን መቁረጥ አስተማሩኝ፤ መስመር ማስመር አስተማሩኝ፤ አንድ መምህር በሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ እንደሚይዝ፣ ቤተ ሙከራው ስንት ክፍል እንደሚችል፣ ሒሳብ ለምን ከሰዓት እንደማይወደድ ነገሩኝ። ካርቶኖቹን መስቀል ሲጀምሩ ግን «እስቲ ሻይ ጠጥተሽ ነይ የኔ ልጅ» ይሉኛል። ስመለስ አንሶላው ተመልሶ ተጋርዷል። በሁለት ወር ውስጥ ያን ያህል ሻይ ጠጥቼ አላውቅም።

መጠርጠር የጀመርኩት ያኔ ነው። ጥርጣሬዬን የቀለበው ደግሞ የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ነው። ጠመኔና መጥረጊያ ከሚሰጥበት መስኮት ላይ ተደግፎ የትምህርት ቤቱን ሰው ሁሉ የሚመዝን ሰው ነው።

«አላስተማረሽም አይደል?» አለኝ አንድ ቀን።

«ቀስ እያሉ ነው» አልኩት።

«ቀስ ነው? እሱማ ቀስ ነው! ካስተማረሽ በምን ይመለሳል? ሰውዬው እኮ ነጋዴ ነው። የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ይሸጠዋል።»

«ምኑን ይሸጠዋል?»

«እስቲ አስተውይ። ሁልጊዜ ጠዋት እረፍት የሚሆኑት እነማን ናቸው? ያው ሰዎች ናቸው። እንዲያው በዕድል ነው? የሰኞ ጠዋት ዋጋዋ ውድ ናት፤ የዓርብ ከሰዓት ደግሞ ቅናሽ አላት።» ሳቀ። «ጡረታ፣ ደሞዝ፣ ከዚያ ደግሞ ይኼ። በሁለት ቢላ ነው ያልነው፣ ለካ ሦስተኛም አለ!»

ሰውዬው ወሬኛ መሆኑን አውቃለሁ። ወሬ ግን አንዴ ጆሮ ከገባ ዓይን ይሰጥሻል፤ ያላየሽውን ማየት ትጀምሪያለሽ። በዚያው ሳምንት የኬሚስትሪ መምህርቷ ኮሪደር ላይ ጋሽ ሰሌዳን ስታገኛቸው አየኋት። ግራና ቀኝ ቃኘች፤ የታጠፈች ወረቀት ኮት ኪሳቸው ውስጥ ሸጎጠች፤ ምንም እንዳልተፈጠረ አልፋ ሄደች። እሳቸውም ኪሳቸውን መታ መታ አድርገው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ሌላ ቀን ጠረጴዛቸው ላይ አንድ ፌስታል ብርቱካን አገኘሁ። «ከማን ነው ጋሼ?» ስላቸው «ከዛፍ» አሉኝ።

ከዚያ የባሰው ካርቶኑ ነው። አንድ ጠዋት ቁም ሣጥኑ ላይ የተረሱ አምስት ስድስት ካርቶኖች አግኝቼ ገለበጥኳቸው። በጀርባቸው በእርሳስ የተሠራ ምልክት አለ። አንዱ ላይ ነጥብ። አንዱ ላይ ሁለት ነጥብና ሰረዝ። አንዱ ላይ ክብ፤ ክቡ ውስጥ ደግሞ «ማክሰኞ» ይላል። ምንም ምልክት የሌለውም ነበር። የከፈለና ያልከፈለ፣ አልኩ በልቤ። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

በዚህ መሃል ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ለበላይ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጻፈ። ስም የለውም፣ ፊርማ የለውም፣ ነገር ግን አድራሻው አልተሳሳተም። አንዲት ኦዲተር መጣች፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ እስክሪብቶዋን እንደ ጦር የምትይዝ። ሦስቱን ውሎች ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግታ አንድ በአንድ አነበበች።

«ሠልጣኟ አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«ሠልጥነሻል?»

ጠረጴዛዬ ላይ ያሉትን ወረቀቶች አስተካከልኩ።

«ለዚህች ጥያቄ መልስ ያስፈልገኛል፣ በጽሑፍ፣ ከፊርማ ጋር» አለች። «እንደማያሠለጥኑ እያወቁ ውል ማደስ የዳይሬክተሩ ጥፋት ነው። ሰውዬው ሆን ብለው ሳያሠለጥኑ ቀርተው ከሆነ ግን ከደሞዙ ጋር የተቀበሉትን የአሥራ ስምንት ወር ጡረታ ይመልሳሉ። የሚመልሱት ከሌላቸው ከወደፊቱ ጡረታቸው ይቆረጣል። ማክሰኞ ሳምንት እመጣለሁ።»

ስለዚህ ነገሩ በእኔ አንዲት ገጽ ላይ ተንጠለጠለ። «ሆን ብለው አላሠለጠኑኝም» ብዬ ብፈርም ጋሽ ሰሌዳ እስከ ዕድሜያቸው መጨረሻ ዕዳ ሊከፍሉ ነው፤ ቦታው ደግሞ ለእኔ ሊሰጠኝ ይችላል። ኦዲተሯ ይህን የመጨረሻውን አልተናገረችም። ዳይሬክተሩ ግን ሸኝቷት ሲመለስ በሩ ላይ ቆሞ «እውነቱን ጻፊ፤ አንቺም ልጅ አለሽ» ብሎኝ አለፈ። ምን ማለቱ እንደሆነ ለመጠየቅ ጊዜ አልሰጠኝም።

በነጋታው ጋሽ ሰሌዳ ለሦስት የሥራ ቀን አስፈቅደው ወደ ጡረታ ቢሮ ሄዱ። በዓመት አንዴ በሕይወት መኖራቸውን በአካል ቀርበው ማረጋገጥ አለባቸው። ለአንድ ጉዳይ እቤታቸው ስደውል ባለቤታቸው አነሱት።

«የለም፤ አለመሞቱን ሊያስመሰክር ሄዷል» አሉኝ። «እኔን ቢጠይቁኝ ምን ነበረበት? ሲያንኮራፋ ሰፈሩ ሁሉ ይመሰክር ነበር!» ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ስሚኝ ልጄ፣ ደሞዙስ ይቅር። ጡረታውን ግን እንዳይነኩት። ቤት ኪራዩ እሱ ነው። አንቺ ቅርብ ነሽ፤ የምትሰሚው ነገር አለ?»

«የለም እማማ» አልኳቸው። ገጹ ግን ጠረጴዛዬ ላይ ነበር፤ ገና ርዕስ ብቻ ያለው።

በዚያው ቀን አንድ የታሪክ መምህር ተዛወረና ፕሮግራሙ እንደገና መሠራት ነበረበት። ዳይሬክተሩ ጠራኝ። «ሁለት ወር ተምረሻል፤ እስቲ አንቺ ሥሪው» አለኝ። አንሶላውን ሳነሳ የሰው ጓዳ የምገልጥ መሰለኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ሠራሁ። የካርቶኖቹን ጀርባ አላየሁም፤ ማየትም አልፈለግሁም፤ ሽያጩ በእኔ ይብቃ ብዬ ወስኛለሁ። የጠዋቱን እረፍት ለሁሉም እኩል አከፋፈልኩ። ግጭት አንድም የለውም። ሦስቴ ፈተሽኩት። ዳይሬክተሩ «ይኸው! ይህን ያህል ነው እንዴ ነገሩ?» ብሎ ዓርብ ከሰዓት አስለጠፈው። ወደ ቤቴ የሄድኩት እየዘፈንኩ ነው።

ሰኞ መጣ።

በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የኬሚስትሪ መምህርቷ ሃያ አምስት ደቂቃ ዘገየች። እጅጌዋ እስከ ክርን እርጥብ ነበር። በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ሸምገል ያሉት የሒሳብ መምህር ሦስተኛ ፎቅ ሳይደርሱ ደረጃ ላይ ተቀምጠው ተገኙ፤ ተማሪዎቹ ከበዋቸዋል፣ እሳቸው «ጫማዬን ላስር ነው» ይላሉ፤ ጫማቸው ግን ማሰሪያ የለውም። ጎን ለጎን ያስገባኋቸው ሁለት የቋንቋ መምህራን መካከለኛውን በር ማን ይዝጋ በሚል እስከ እረፍት ድረስ ተፋጠጡ። ከዚያ በኋላ ሰው በመስኮቴ ይመላለስ ጀመር።

«ጋሽ ሰሌዳ መቼ ነው የሚመለሱት?»

«ነገ። ምን ፈልገዋቸው ነው?»

«ምንም፤ እንዲሁ ነው።»

ሁሉም «እንዲሁ»። እስከ ምሳ ሰዓት ስድስት «እንዲሁ» ቆጠርኩ። ይኸው ደንበኞቹ ዕቃቸው ቀረባቸው አልኩ። ገጹን አወጣሁና ጻፍኩ፦ «ሆን ብለው አላሠለጠኑኝም። ከመምህራን ጥቅም እየተቀበሉ እንደነበር እጠረጥራለሁ።» አተምኩት። ልፈርም ስል የኬሚስትሪ መምህርቷ መጣች፤ ከእኔ ብዙ አትበልጥም፤ እንቀራረባለን።

«ጋሽ ሰሌዳ...» ስትል አላስጨረስኳትም።

«ስንት ነው የምትከፍያቸው?»

«ምን?»

«ለጠዋቱ እረፍት። ወረቀት ስትሰጪያቸው አይቻለሁ።»

መጀመሪያ ሳቀች፤ ከልቧ፣ ግድግዳውን ተደግፋ። ከዚያ ሳቋ ሄደና ፊቷ ብቻ ቀረ። በሩን ዘጋችው።

«ባለቤቴ ከወደቀ ሁለት ዓመቱ ነው» አለች። «ከወገቡ በታች አይንቀሳቀስም። የምትረዳኝ ሴት የምትደርሰው ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። እስከዚያ አጥበዋለሁ፣ አገላብጠዋለሁ። ዛሬ ጥዬው ልምጣ ስል ወንበሩ ላይ እንዳለ ተንሸራተተብኝ። ወረቀቷ የሴትየዋ ሰዓት ሲቀየር የምጽፍላቸው ናት፤ ስልክ ላይ ማውራት ስለማልችል። እዚህ ግቢ ውስጥ ይህን የሚያውቅ እሳቸው ብቻ ነበሩ። አሁን አንቺም አወቅሽ።» በሩን መልሳ ከፈተችው። «ብርቱካንማ ሰጥቻቸው አውቃለሁ። ጉቦ ከሆነ ክሰሺኝ።»

ሄደች። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል የሚባለው ለእኔ ነው። ገጹን ቀዳድጄ ጣልኩት ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ መሳቢያ ውስጥ አስገባሁት። እሷስ እሺ፣ ሌሎቹስ? የእሷ እውነት የሌላውን አያነፃም። የልጅ እናት ስትሆኚ በአንድ እንባ ሁሉን ነገር አትለቂም።

ማክሰኞ ጠዋት ጋሽ ሰሌዳ መጡ። የተለጠፈውን ፕሮግራም በመነጽራቸው ረድፍ በረድፍ አነበቡት።

«አንድም ግጭት የለውም» አሉ። «እኔ በመጀመሪያው ዓመት ሦስት ነበረኝ።»

ምንም ሳይጨምሩ አንሶላውን ገልጠው ካርቶኖቹን እያወረዱ መልሰው መስቀል ጀመሩ። ሻይ ጠጥተሽ ነይ አላሉኝም።

«የኬሚስትሪዋ ነግራኛለች» አልኳቸው።

እጃቸው ምስማሩ ላይ ቆመ። «ራሷ?»

«ራሷ።»

«እንግዲያው አንዷን ተማርሽ።»

«ሌሎቹንስ መቼ ነው የምማረው? ምልክቶቹ ምንድን ናቸው? ነጥቡ፣ ክቡ?»

«እሱን አልነግርሽም።»

«ጋሼ፣ ኦዲተሯ ጡረታዎን ልትቆርጠው ነው! ለእሷ እንኳ ይንገሯት።»

«ሆድ ይፍጀው ብዬ የተቀበልኩትን አውጥቼ ቤት ኪራዬን ልክፈልበት?» ዘወር አሉ። «ያኔ አይደለም እንዴ በሁለት ቢላ የሚባለው?»

አላመንኳቸውም ማለት ሳይሆን ልቤ ገና አላረፈም ነበር። ስለዚህ የሚያሳፍረውን ጠየቅሁ። «የተመለሱት ለገንዘቡ አይደለም?»

«ለገንዘቡም ነው። ያለ ደሞዙ ወሩን አንዘልቀውም፤ ቆጥሬ ነግሬሻለሁ።» መነጽራቸውን አወለቁ። «ሌላም ልጨምርልሽ። ያ ልጅ በኮምፒውተር ሞክሮ ሲበላሽበት ደስ ብሎኛል። እቤቴ ተቀምጬ 'ይበላቸው' ብያለሁ። ይህንንም ጻፊው ከፈለግሽ።»

ይኸው ጻፍኩት።

ምልክቱ እንዴት እንደጀመረ የነገሩኝ ባለቤታቸው ናቸው፤ «ይሄማ አደባባይ የወጣ ነው፣ ምስጢር አይደለም» ብለው። በመጀመሪያው ዓመት ጋሽ ሰሌዳ አንድ ጓደኛቸውን በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ሦስተኛ ፎቅ መደቡት። ሰውዬው የልብ ሕመምተኛ ነበር፤ ለማንም አልተናገረም። በወንበር ተሸክመው ሲያወርዱት ተማሪ ሁሉ አየ። ተረፈ። ሊጠይቁት ሲሄዱ ጋሽ ሰሌዳ «ምነው ሳትነግረኝ?» ቢሉት «አንተ ማን ሆነህ ነው የምነግርህ?» አላቸው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ትምህርት ሊከፈት ሲል እያንዳንዱን መምህር ለብቻው ጥግ ወስደው «ሰዓት ሳወጣ ማወቅ የሚገባኝ ነገር አለ?» ይላሉ። የነገራቸውን በእርሳስ ነጥብ ያደርጉታል። ያልነገራቸውን አይጫኑም።

ኦዲተሯ በቀጠረችው ማክሰኞ መጣች። ዳይሬክተሩ፣ ጋሽ ሰሌዳና እኔ ተቀመጥን።

«ይህችን ሠራተኛ አሠልጥነዋል?» አለቻቸው።

«ግማሹን።»

«ግማሽ የሚባል ሳጥን ቅጹ ላይ የለም። ሌላውን ግማሽ ለምን አላሠለጠኑም?»

«የእኔ ስላልሆነ።»

«የማን ነው?»

«የባለቤቶቹ።»

«አባቴ፣ በእንቆቅልሽ አያናግሩኝ፤ ለእንቆቅልሽም ሳጥን የለኝም።» እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እንዲህ ዓይነት ሰው ብዙ አይቻለሁ። ራሱን የማይተካ አድርጎ ያስቀምጥና መሥሪያ ቤቱን እስረኛ ያደርገዋል። እርስዎ ከእነዚያ በምን ይለያሉ?»

ጋሽ ሰሌዳ ጉልበታቸውን ይዘው ወለሉን ያዩ ነበር። ጥያቄዋ ልክ መሆኑ ነው የከበደኝ፤ እኔም ስጠይቀው የከረምኩት እሱን ነው። ያኔ አፌን ከፈትኩ።

«እሳቸው ሊነግሩኝ አይችሉም። ባለቤቶቹ ግን ሊነግሩኝ ይችላሉ» አልኩ። ከዚያ የሰኞውን ሁሉ፣ የሰው ስም ሳልጠራ፣ ነገርኳት። ግጭት የሌለው ፕሮግራሜ ምን እንዳደረገ ነገርኳት። «ጊዜ ይስጡን። መምህራኑ ራሳቸው መጥተው ለእኔ ይንገሩኝ። የሚቀጥለውን መንፈቅ ዓመት ፕሮግራም እሳቸው በሌሉበት ብቻዬን አወጣዋለሁ።»

ኦዲተሯ እስክሪብቶዋን መልሳ አነሳች። «አንቺንም እጠረጥራለሁ» አለች፤ ፈገግ ያለች መሰለኝ፣ እርግጠኛ አይደለሁም። «መንፈቅ ዓመቱ እስኪያልቅ አምስት ሳምንት አለ። ብቻሽን አውጥተሽ ከሠራ ሥራው ተላልፏል ብዬ እዘጋዋለሁ፤ ውላቸው ያበቃል፣ ጡረታቸው አይነካም። ካልሠራ ግን 'ሆን ብለው' የሚለው ይጸናል።»

እንግዲህ ሁለት ሳምንት ሄዷል። ጋሽ ሰሌዳ ከፎቅ ፎቅ እያዘገሙ ሠላሳ ስምንቱንም መምህራን «ለልጅቷ ንገሩልኝ» ብለው ለምነዋል። እስከ ዛሬ የመጡልኝ አሥራ አራት ናቸው። ሸምገል ያሉት የሒሳብ መምህር መጥተዋል፤ እሳቸውም የኬሚስትሪዋም ነገራቸው በዚህ ጽሑፍ እንዲወጣ ፈቅደዋል። ከተፋጠጡት ሁለት መምህራን አንደኛው መጥቷል፤ ሌላኛው እሱ መምጣቱን ሲሰማ ቀረ። የቀሩት አያምኑኝም። አልፈርድባቸውም። የጸሐፊዋ ጠረጴዛ የዳይሬክተሩ በር ላይ ነው፤ እዚያ የተነገረ ነገር ወዴት እንደሚሄድ ማን ያውቃል? የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ደግሞ አዲስ ወሬ አለው፦ «አሁን ዋጋውን የምትቀበለው እሷ ናት!» ባለፈው ሳምንት እኔ በመምህራን ማረፊያ ክፍል በኩል ሳልፍ ወሬ ተቋረጠ። ያን ጊዜ አርባ አራቱ ደረጃ ለምን መሃል ላይ እረፍት እንደሚያስፈልገው ገባኝ፤ ለጉልበት ብቻ አይደለም።

እኔ ግን ተስፋ አልቆርጥም። አሥራ አራት ሰው ከዜሮ ይሻላል፤ ሦስት ሳምንት ደግሞ ብዙ ነው። መሳቢያዬ ውስጥ ያለችውን ገጽ ለጋሽ ሰሌዳ አሳየኋቸው። አንብበው «ፊደሉ ያምራል» ብለው መለሱልኝ። ስለ እሳቸው ይህን እንድጽፍና በመምህራኑና በወላጆች ጋዜጣ ላይ እንዲወጣ ስጠይቃቸው በሁለት ነገር ነው የተስማሙት፦ ጥሩ ሰው ናቸው እንዳልል፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ ልመናቸውን ቃል በቃል እንዳስገባ። ቃላቸው ይኸው፦

«በዚህ ትምህርት ቤት የምታስተምሩ፣ ጉዳያችሁን የነገራችሁኝ ሁሉ፤ ቁልፍ ማስረከብ እችላለሁ፣ ሰሌዳውንም አስረክባለሁ። የእናንተን ነገር ግን እኔ ማስረከብ አልችልም። ስለዚህ እባካችሁ ራሳችሁ ኑና ንገሯት። ከረቡዕ እስከ ዓርብ፣ ከአምስት ሰዓት ጀምሮ እኔ ክፍል ውስጥ ብቻዋን ናት፤ እኔ ታች ግቢው ውስጥ እቀመጣለሁ። እናንተ ደግሞ ሌላ ቦታ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ፣ በመሥሪያ ቤታችሁ አንድ ሽማግሌ የእናንተን ነገር ዝም ብሎ ተሸክሞላችሁ ከሆነ፣ ሳያሰናብቱት በፊት ሄዳችሁ ለሚተካው ሰው ራሳችሁ ንገሩት። ልጅቷን ካላመናችኋትም ኑ፤ የማታምኗት ለምን እንደሆነ ለእኔ ንገሩኝ። ብቻ አትቅሩ።»